የበዓል ቀን ውሃ

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ምስር እየለቀምኩ ሳለ ስልኬ ጠራ። የወንድሜ ቁጥር ነበር። ከጋሸና ተሳፍሮ ላሊበላ እኔ ቤት ለምሳ እንደሚደርስ ነግሮኝ ስለነበር «መኪና አጣሁ» ሊለኝ ነው ብዬ አነሳሁት። የሰማሁት ግን የማላውቃት ሴት ድምፅ ነው።

«የዶክተሩ እህት ነዎት?»

«ነኝ።»

«አሰለች እባላለሁ፤ እዚህ ጋሸና ምግብ ቤት አለኝ። ዶክተሩ ቁርስ ሊበሉ ገብተው ትንሽ አመም አደረጋቸው። ሰው ካለዎት ይዘው ቢመጡ ጥሩ ነው።»

«እስቲ አገናኚኝ» አልኳት።

 ከኋላዋ የጭነት መኪና ሞተር ይሰማል። ቆይታ «ተኝተዋል» አለች። «ብቻዎን አይምጡ፣ እሺ?»

በእኛ አገር ሞት በስልክ አይነገርም። «ትንሽ አሞታል» ይባላል፤ ቀጥሎ «ብቻሽን አትምጪ» ይባላል፤ የቀረውን ሰሚው ራሱ ይሞላዋል። አሰለች የማታውቀኝ ሴት ሆና ሳለ ወጉን ጠብቃ ነገረችኝ፤ እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ። የተለቀመውን ምስር ካልተለቀመው ጋር መልሼ እንደደባለቅሁት ያየሁት በሦስተኛው ቀን ነው። ነጠላዬን አንስቼ ስወጣ ጎረቤቶቼ ግቢው ውስጥ ቆመው ነበር። ለእነሱ ቀድሞ ተደውሎላቸዋል።

ወንድሜ ዶክተር ተክለ ሚካኤል አረጋ በዚህ ዓመት በየካቲት ወር፣ በሃምሳ አራት ዓመቱ ሞተ። ሐኪም ልቡ ነው አለ። በቦርሳው ውስጥ ያልታረመ የፈተና ወረቀት፣ አንድ ጥንድ ካልሲ፣ ለእኔ የገዛው የዓይን ጠብታ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ሦስት ገጽ መተዳደሪያ ደንብ በአራት ቅጂ ተገኘ። በማግስቱ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ላይ ሚካኤልና ታች ማርያም የሚባሉ ሁለት አጥቢያዎች ተሰብስበው ሊፈርሙበት ነበር። ስድስት ዓመት የለፋበት ወረቀት ነው።

በቀብሩ ላይ የዩኒቨርሲቲው ተወካይ የሕይወት ታሪኩን አነበቡ። የተማረባቸው ቦታዎች፣ ያሳተማቸው ጽሑፎች ብዛት፣ ያስመረቃቸው ተማሪዎች ቁጥር ሁሉ ትክክል ነው፤ እርማት የለኝም። ደንቡ ግን እዚያ ውስጥ አልነበረም። እሱን የማውቀው ደግሞ ይበልጡን በደንቡ ነው። ስለዚህ እኔ እሱን ልጻፍ።

የተወለድነው ላይ ሚካኤል ነው፤ ከላሊበላ በእግር ግማሽ ቀን ያስኬዳል። ከገደሉ ሥር ቀጭን ውሃ የሚባል ምንጭ ይወጣል። እንደ ስሙ ቀጭን ነው፤ ነገር ግን በበጋ አይደርቅም። ከምንጩ በታች የላይ ሚካኤል እርሻ አለ፤ ከእርሱ በታች፣ ቁልቁለቱ ሲያልቅ፣ የታች ማርያም እርሻ ይጀምራል። አባታችን መሪጌታ አረጋ የላይ ሚካኤል ደብር አገልጋይ ነበሩ። ተክሌ ዳዊት ከደገመ በኋላ ነው ዘመናዊ ትምህርት ቤት የገባው። እኔ በሦስት ዓመት አንሰዋለሁ፤ እሱ በጨረሰው ደብተር ጀርባ ላይ እየጻፍኩ ፊደል ቆጠርኩ። ወረቀት መቆጠብ የቤታችን አመል ነበር። ፕሮፌሰር ሊባል ሲቃረብም ማስታወሻውን የሚጽፈው ያረጀ የፈተና ወረቀት ጀርባ ላይ ነበር።

የላይ ሚካኤል ሰው ቀጭን ውሃን በተራ ያጠጣል፤ ቀንም ሌሊትም። ተራውን የሚያስጠብቅ «የውሃ አባት» የሚሉት ሰው በየዓመቱ ይመረጣል። አንድ በጋ ሁለት አማቾች በተራ ተጣልተው አንዱ የሌላውን እጅ በዶማ እጀታ ሰበረው። አስታራቂው አባታችን ነበሩ። ተክሌ ይህን ነገር ለተማሪዎቹ ሁልጊዜ ይነግራቸው ነበር። «አባቴ ማን መታ ብለው አልጀመሩም» ይላል። «መጀመሪያ የጠየቁት ተራው የማን እንደነበረ ነው። ለካ ተራው ጠፍቶ ነበር። የውሃ አባቱ ታሞ ከርሞ ማንም አያውቀውም።» ከዚህ ተነስቶ ነው ትምህርቱን የመረጠው። ሰው የሚጋደለው ውሃ ሲያንሰው ብቻ እንዳልሆነ፣ በትንሽ ውሃ ተስማምተው የሚኖሩ ብዙ መንደሮች እንዳሉ፣ መጥፎው የተራው መጥፋት እንደሆነ ሃያ ዓመት ሙሉ አስተማረ።

የትምህርቱ ስም «የአካባቢ ደህንነትና ዘላቂ የሀብት ልማት» ነው። እናታችን ወለተ ሐና ይህን ሁሉ መያዝ ስላቃታት፣ «ልጅሽ ተምሮ ምን ሆነ?» ሲሏት «ደህንነት ነው» ትላለች። ጠያቂዎቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ወሬ ይለውጣሉ። አንድ ጊዜ አገር ቤት መጥቶ ማንም ስለ መንግሥት አንድ ቃል አልተነፍስ ሲለው ነገሩ ገባውና፣ «እማዬ፣ እባክሽ አስተማሪ ነው በይ» ብሎ ለመናት። «እሱማ ማኅሌትም አስተማሪ ናት» አለችው። አዎ፣ እኔ ሙጃና ላሊበላ አንደኛ ደረጃ ሳስተምር ኖሬ ዕድሜዬ ሳይደርስ ነው ጡረታ የወጣሁት።

አሠራሩ ቀላል ነበር። ምንጭ ሲለካ ሃያ ሊትር የሚይዝ ቢጫ ጀሪካን ከሥሩ ያስቀምጣል፤ በእጅ ሰዓቱ ስንት ሰከንድ ውስጥ እንደሞላ ይጽፋል። ከዚያ ባለ እርሻው ጋ ሄዶ አብሮ እየኮተኮተ ይጠይቃል። ተማሪዎቹ መጠይቅ ይዘው ሲቆሙ፣ «ቆማችሁ ስትጠይቁት ቆሞ ይመልስላችኋል፤ ጎንበስ በሉ» ይላቸዋል።

ከሁለት ሺህ ስምንቱ ድርቅ በኋላ አንድ የእርዳታ ድርጅት በአካባቢያችን የመስኖ ሥራ ሊሠራ ፈልጎ ጥናቱን ለእሱ ሰጠው። የራሱ አገር ነውና ደስ አለው። ሁለት ተማሪዎች አስቀምጦ ቀጭን ውሃን ዓመት ሙሉ፣ በየቀኑ አስለካ። ሠንጠረዡን አይቼዋለሁ። ከአምዶቹ አንዱ «ጥቅም ላይ ያልዋለ ውሃ» ይላል። በየወሩ ብዙ ቀን እዚያ አምድ ውስጥ ገብቷል። ላይ ሚካኤሎችን «በእነዚህ ቀኖች ውሃውን ምን ታደርጉታላችሁ?» ብሎ ጠየቃቸው። «ምንም» አሉት። ታች ማርያሞችን «ተራችሁ መቼ ነው?» ብሎ ጠየቃቸው። «ተራ የለንም» አሉት። ማንም አልዋሸውም።

ስለዚህ ከምንጩ ሥር፣ ከላይ ሚካኤል እርሻ ራስጌ፣ የሲሚንቶ ኩሬ እንዲሠራ ሐሳብ አቀረበ። ማንም የማይጠቀምበት ውሃ በእነዚያ ቀኖች እዚያ ይጠራቀማል፤ ለእርሻ የሚሆን መሬት ለሌላቸው ወጣቶች አዲስ ማሳ ያጠጣል። ኩሬው በሁለት ሺህ ዘጠኝ አለቀ። የላይ ሚካኤል ወጣቶች ድንችና ነጭ ሽንኩርት ዘሩ። ተክሌ ጥናቱን ውጭ አገር ድረስ ሄዶ አቀረበው፤ ተባባሪ ፕሮፌሰርነቱን ያገኘውም በዚሁ ነው። እናታችን የኩሬውን ፎቶግራፍ ከሥዕለ ማርያም አጠገብ ሰቀለችው።

በቀጣዩ በጋ የታች ማርያም ቦይ ደረቀ። መጀመሪያ የዝናቡ ማነስ ነው አሉ። በሁለተኛው በጋ ጥቂት ጎልማሶች ወጥተው የኩሬውን ቧንቧ ሰበሩ። ጠባቂው አለሜ ሊያስጥል ሲል መጥረቢያ ትከሻው ላይ አረፈበት፤ ከዚያ ወዲህ ቀኝ እጁን ከደረቱ በላይ አያነሳም። ተክሌ ስለዚህ ነገር ለድርጅቱ የጻፈውን ሪፖርት በኋላ ራሱ አሳይቶኛል። «ለታች ተፋሰስ ማኅበረሰብ የግንዛቤ ማስጨበጫ ያስፈልጋል» ይላል። ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ አስምሮበታል።

እውነቱን ያወቀው በእናታችን ልቅሶ ላይ ነው። በሁለት ሺህ ዐሥራ አንድ ጥር፣ በሦስተኛው ቀን፣ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ነበር። ከታች ማርያም ሊያስተዛዝኑ ከመጡት መካከል እማማ ባንችይርጋ ነበሩ። የተወለዱት ላይ ሚካኤል፣ የተዳሩት ታች ማርያም ነው፤ ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። አልቅሰው ሲያበቁ ተክሌ አጠገብ ተቀመጡ።

«አንተ የወለተ ሐና ልጅ» አሉት፣ «ሐዘን ቤት መጥቶ እንዲህ ማለት ነውር ነው። ግን ሌላ ጊዜ አላገኝህም። የሚካኤልን ውሃችንን ለምን ወሰድክብን?»

«የቱን ውሃ እማማ?»

«የሚካኤልን ነዋ። የአቦን፣ የሥላሴን፣ የገብርኤልን፣ የጊዮርጊስን።» በጣታቸው እየቆጠሩ ነው።

«ተራ የለንም ብላችሁኝ አልነበረም እንዴ?»

«ተራማ የለንም። ተራ ያላቸው እነሱ ናቸው። እነሱ ሲያከብሩ እኛ እናጠጣለን። በሚካኤል ቀን ላይ ሚካኤል ዶማ የሚነካ አለ? የለም። ውሃው ታዲያ የት ይሂድ? ወደኛ ይወርዳል። እኛ ማርያምን፣ ኪዳነ ምሕረትን፣ ልደታን ነው የምናከብር። አባትህ ነጭ ለብሰው ማኅሌት ሲቆሙ እኔ ሽንኩርቴን አጠጣ ነበር። ይህን ለመሪጌታ ልጅ እኔ ነኝ የማስረዳው?»

ተክሌ ኪሱ ውስጥ ወረቀት ይፈልግ ጀመር።

«ከጊዮርጊስ እስከ አቦ ያለው ነበር የሚያስጨንቀን» አሉ ረጋ ብለው። «ሌላው ይደርስ ነበር።»

ወረቀት አጣና መዳፉ ላይ አምስት፣ ሰባት፣ ዐሥራ ሁለት፣ ዐሥራ ዘጠኝ፣ ሃያ ሦስት ብሎ ጻፈ። ልቅሶ የመጣ ሰው ሁሉ ያየው ነበር፤ ግድ አልሰጠውም።

ሰው ሲሄድ፣ «ማኅሌት፣ በሚካኤል ቀን እኛ የት ነበርን?» አለኝ።

«ቤተ ክርስቲያን።»

«ውሃውስ?»

እኔም አላውቅም ነበር። ልጆች ሆነን በበዓል ቀን ከቅዳሴ ወጥተን ዘመድ ቤት እንሄዳለን፣ እንበላለን፣ እንተኛለን። ወደ ቦዩ የሚያስኬድ ጉዳይ የለንም። እዚያ አገር ተወልደን የበዓል ቀን ውሃ የት እንደሚሄድ አይተን አናውቅም። ለጥናቱ የተቀጠሩት ሁለቱ ተማሪዎችም የሚለኩት ከምንጩ አፍ ነው፤ አስጎብኚዎቻቸው ላይ ሚካኤሎች ስለሆኑ በበዓል ቀን ወደ ታች የሚወስዳቸው አልነበረም። የሌላ አገር ሰው ቢሆን ኖሮ ምናልባት የበዓሉን ነገር ጠይቆ ይደርስበት ነበር። ተክሌ በዓል ምን እንደሆነ ስለሚያውቅ አልጠየቀም።

በማግስቱ ሠንጠረዡን አውጥቶ «ጥቅም ላይ ያልዋለ» ያለውን አምድ ለሁለት ከፈለው። እሑድንና መድኃኔ ዓለምን ሁለቱም አጥቢያ ስለሚያከብር ውሃው በእውነት ወንዝ ይገባ ነበር። አምስቱ ቀን ግን የታች ማርያም ነው። «ኩሬው መጥፎ አልነበረም» አለኝ። «የእሑድ ውሃ ብቻውን ይበቃው ነበር፤ ማሳው ትንሽ ያንሳል እንጂ። እኔ ነኝ አምስቱን ቀን አብሬ የሰጠሁት።»

ከዚያ በኋላ ያለው ስድስት ዓመት ነው በሕይወት ታሪኩ ላይ ያልተነበበው።

መጀመሪያ መሳሳቱን ጽፎ ጥናቱ ለወጣበት መጽሔት ላከ። አንድ የሥራ ባልደረባው፣ «ማን ጠየቀህ? የራስህን ጥናት በራስህ እጅ ትቀብራለህ?» ሲለው፣ «ጥናቱ ምን ሆነ ብለህ ነው? የደረቀችው ታች ማርያም ናት» አለው። ጽሑፉ ወጣ፤ ብዙ ሰው አላነበበውም። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜውን የሚጀምረው ያንን ሠንጠረዥ ሰሌዳ ላይ ስሎ «ስህተቱን አግኙ» በማለት ነው። ባለቤቱ ሰብሌ እንደነገረችኝ፣ ባስተማረባቸው ዓመታት አንዲት ተማሪ ብቻ አግኝታዋለች፤ እሷም የቄስ ልጅ ናት።

ሠንጠረዥ ማረም ግን ውሃ አይመልስም። በየሁለት ወሩ መንገድ ሲከፈት አውቶቡስ ተሳፍሮ ጋሸና፣ ከጋሸና እኔ ቤት፣ ከእኔ ቤት በእግሩ ላይ ሚካኤል መውጣት ጀመረ። የኩሬው ኮሚቴ ሰብሳቢ የአጎታችን ልጅ ደግሰው ነው። መጀመሪያ ሲያነጋግረው አብሬው ነበርኩ።

«ዶክተር» አለው ደግሰው፣ ሲያሾፍ ብቻ ነው እንዲህ የሚጠራው፣ «ጥናቱን ያጠናኸው አንተ። ኩሬ ይሠራ ያልከው አንተ። የኩሬውን ደንብ የጻፍከው አንተ። አሁን ደግሞ ተሳስቻለሁ ትላለህ። ነገስ ምን ልትለን ነው?»

«ነገም ተሳስቻለሁ ነው የምለው።»

«አለሜስ? እጁን የሰጠው ለስህተት ነው?»

 ደግሰው ክፉ ሰው አይደለም። ኩሬውን አምነው ያገቡ፣ የወለዱ ሃያ ሁለት ወጣቶች አሉበት። አምስቱ ቀን ሲመለስ የስምንቱ ማሳ ይደርቃል። ተክሌም ይህን ያውቅ ነበር። ስምንቱን አንድ በአንድ ቤታቸው ሄዶ አነጋገረ፤ ውሃ ለማይፈልግ ሥራ፣ ለንብ እርባታ፣ የሚሆን ድጋፍ ከሁለት ድርጅት ለመነላቸው። አንዱ ድርጅት እሺ አለ፤ አራቱ ንብ ያዙ። አራቱ ገና ናቸው።

ታች ማርያሞችም ቀላል አልነበሩም። «ሙሉውን መልሱ፣ ኩሬውንም አፍርሱት» የሚሉ ነበሩ። እማማ ባንችይርጋ ናቸው የመለሷቸው። «እሑድን ምን ልታደርጉበት ነው? ልታርሱበት?» ብለው።

ሁሉም ሊያልቅ ሲል ደግሞ ማንም ያላሰበው ነገር መጣ። ድሮ ውሃው በበዓል ቀን የሚወርደው ማንም ስለማይነካው ነው። አሁን ኩሬ አለ፤ ማንም ካልነካው ውሃው ኩሬው ውስጥ ይቀራል። ወደ ታች እንዲሄድ ጠዋት አንድ ሰው ሄዶ ቁልፉን ከፍቶ የብረቱን መዝጊያ ማዞር አለበት። ይህ ደግሞ ሥራ ነው። አለሜ፣ «በሚካኤል ቀን ብረት አልጨብጥም፤ አንድ እጅ ነው የቀረኝ» አለ። ሰው ሳቀ፤ እሱ ግን ምሩን ነበር። የደብሩ አስተዳዳሪ ቄስ ሰጠኝ ተጠየቁ።

«ለጎረቤት ውሃ መልቀቅ በዓል አያስሽርም» አሉ።

«እንግዲያው አባታችን እርስዎ ይክፈቱልን» አለ አንዱ ከኋላ።

«እኔማ ቅዳሴ ላይ ነኝ» አሉ ቄስ ሰጠኝ። ስብሰባው በዚሁ ተበተነ።

ታች ማርያሞች እኛ እንክፈት አሉ፤ ላይ ሚካኤሎች ቧንቧ ለሰበረ ሰው ቁልፍ አንሰጥም አሉ። በዚህ ላይ አንድ ዓመት አለፈ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ስለ እሱ እዚህ አልጽፍም፤ ከተማችን ለወራት መብራት እንዳልነበራት፣ ተክሌም ከአንድ ዓመት በላይ መምጣት እንዳልቻለ ብቻ ልበል። ላይ ሚካኤሎች በዚያን ጊዜ ሁለት ጊዜ ቤታቸውን ጥለው ቁልቁለቱን ወርደዋል። ያስጠጓቸው ታች ማርያሞች ናቸው። ደግሰው ከነቤተሰቡ ዐሥራ ሰባት ቀን የከረመው እማማ ባንችይርጋ ቤት ነው። ከዚያ በኋላ ደግሰው ተክሌን «ዶክተር» ብሎ ሲጠራው አልሰማሁም።

ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ ነገሩ መልክ ያዘ። ቁልፉን እማማ ባንችይርጋ እንዲይዙ ሁለቱም ወገን ተስማማ። የላይ ሚካኤል ልጅ፣ የታች ማርያም ሚስት ናቸው። «ጉልበቴ ሳይደክም ፈርሙልኝ እንጂ ያንን ዳገት በወር አምስት ጊዜ መውጣት አታሳጡኝ» አሉ። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው።

ደግሰው ግን አንድ ነገር አስያዘ። «እኛ የሰው ውሃ ሰርቀን አናውቅም» አለ። «ብንፈርም አገሩ ሁሉ የሰረቁትን መለሱ ነው የሚለን። ስለዚህ ተክሌ በሁለቱ አጥቢያ ሕዝብ ፊት፣ በቅጽረ ቤተ ክርስቲያኑ ቆሞ፣ ስህተቱ የእኔ ነው ይበል። ደንቡም መጀመሪያው ላይ ይህንኑ ይጻፍ። ያኔ እፈርማለሁ።»

«ይህችንማ ዛሬውኑ እላለሁ» አለ ተክሌ።

«ዛሬ ሕዝቡ የለም።»

ቀኑ ተቆረጠ፤ መንገድ ተዘጋ፤ ሌላ ቀን ተቆረጠ፤ ቄስ ሰጠኝ ታመሙ። ሦስተኛው ቀጠሮ የዚያ እሑድ ነበር። ሐሙስ ማታ ደውሎ የደንቡን መጀመሪያ አንብቦልኝ ነበር። አጭር ነው። «የቀጭን ውሃን ጥናት ያጠናሁት እኔ ተክለ ሚካኤል አረጋ፣ የላይ ሚካኤል ሕዝብ በሚያከብራቸው አምስት ቀናት ወደ ታች ማርያም የሚወርደውን ውሃ ባለቤት የሌለው ብዬ በመጻፌ ተሳስቻለሁ። የላይ ሚካኤል ሕዝብ የተሰጠውን ተቀበለ እንጂ የሌላ አልወሰደም።» «እንዴት ነው?» አለኝ። «'ባለቤት የሌለው' የሚለው ከበደ» አልኩት። «ከባድ ነው እኮ» አለኝ።

በዚያው እሑድ ሬሳውን ይዘን ላይ ሚካኤል ገባን። የተሰበሰበው ሕዝብ ለፊርማ የተጠራው ራሱ ነው። የታች ማርያም ሰዎች አስከሬኑን ከዳገቱ ግርጌ ተቀብለው እስከ ደጀ ሰላሙ ተሸከሙት። በዚያን ቀን ስለ ውሃ የተናገረ የለም፤ የሚጠበቅም አልነበረም።

በአርባው ደንቡን ይዤ ወጣሁ። ጸሎቱ አልቆ ሰው ከበላ በኋላ ቄስ ሰጠኝን፣ ደግሰውንና እማማ ባንችይርጋን ለብቻ አስቀምጬ ወረቀቱን ዘረጋሁ። እሱ ባይኖርም እኔ በሕዝብ ፊት አነበዋለሁ፤ የጻፈው ራሱ ነው፤ ፊርማውም አለበት አልኳቸው።

ደግሰው ወረቀቱን አንብቦ መልሶ ወደ እኔ ገፋው።

«እታለም» አለኝ፣ «እሱ ቆሞ ሲለው ነው ያማረው። ሕያው ሰው ተሳስቻለሁ ቢል ጨዋ ነው። በተዝካሩ ላይ ቆመን ተሳስቷል ብንል ግን ሐሜት ነው። የሞተ ሰው ላይ አፌን አልከፍትም። ወንድሜ ነው።»

«ራሱ የጻፈውን ነው የማነበው።»

«ሰው የሚሰማው ያንቺን ድምፅ ነው።»

ቄስ ሰጠኝ የመጀመሪያው አንቀጽ ይውጣና ቀሪው ይፈረም አሉ። «ስሙን ለምን እናነሳለን? ነፍሱን ይማር፤ ውሃውን እንመልስ» አሉ።

«እሱማ አይሆንም» አሉ እማማ ባንችይርጋ። «እሱ ከወጣ ውሃው ለምን ተመለሰ ሊባል ነው? ችሮታ ነው ሊባል ነው። የሰጠ መልሶ ይከለክላል። እኔ ስሞት ደግሞ ቁልፉ የችሮታ ቁልፍ ይሆናል። ልጁ የኛ መሆኑን ጽፎልናል፤ የጻፈውን አትፋቁት።»

«ማንም የፋቀው የለም» አለ ደግሰው። «ቆይ ነው ያልኩ።»

«እስከ መቼ?»

«ሙት ዓመቱ ይለፍ። ያኔ ሐዘኑም ቀለል ይላል፤ ሰውም ይሰማል።»

«ሽንኩርቱ ሙት ዓመት አያውቅም» አሉ እማማ ባንችይርጋ፤ ግን አልጮኹም። ሁላችንም ተክሌን እንወደው ነበር። አንቀጹን እንዳናነብ የከለከለን ይኸው መውደዳችን ነው።

ለእኔ ሁለቱም ትክክል መሰሉኝ። ደግሰው አንድ ጊዜ በወጣው ቃል የሚቆም ሰው ነው፤ ሙት ዓመቱ ሲደርስ ይፈርም ይሆናል። እማማ ባንችይርጋ ደግሞ ያኔ ዳገቱን መውጣት ይችሉ እንደሆን እሳቸውም አያውቁም። ተክሌ ቢኖር ምን እንደሚያደርግ አስቤ ነበር። ምናልባት ጀሪካኑን ይዞ ወደ ምንጩ ይሄድ ነበር፤ ሲጨንቀው ይለካ ነበርና።

ያልታረሙትን የፈተና ወረቀቶች ለዩኒቨርሲቲው ልኬያለሁ። ለቀሩት አራት ወጣቶች የንብ ድጋፍ እንዲሰጥ የጻፈው ደብዳቤ መልስ አልመጣለትም፤ በስሜ ደግሜ ጽፌያለሁ። የደንቡ አራት ቅጂ እኔ ቤት ነው። አራቱም ላይ የእሱ ፊርማ አለ፤ የላይ ሚካኤልና የታች ማርያም ቦታ ባዶ ነው። ቁልፉ ደግሰው ዘንድ ነው። ዛሬ ግንቦት ዐሥራ ሁለት፣ የሚካኤል ቀን ነው፤ ኩሬው አልተከፈተም።